ጦርና ጎተራ፤ የአገር መሪዎች ስለሚማሩበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት

በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ በጉንደ ወይን ከተማ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲገባ መሬቱን ደጋግሞ አርሶና አለስልሶ ለጤፉና ለስንዴው የሚሆነውን ማዳበሪያ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ይጠብቃል። ያ ዩሪያ የሚባለው ነጭ ፍሬ ከባሕር ማዶ በመርከብ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ወደብ ተራግፎ፣ ቆላውን በጭነት መኪና አቋርጦ፣ የዓባይን በረሓ ወርዶና ወጥቶ፣ በደጀንና በብቸና በኩል እስኪደርስለት ድረስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ ከነዚያም እጆች አንዱ ቢዝል የዓመት እህሉ እንዴት እንደሚጎድል የሚያስብለት ሰው ያስፈልገዋል። እ.አ.አ. በ2022 ሩሲያና ዩክሬን በተዋጉ ጊዜ በዓለም ገበያ የማዳበሪያው ዋጋ ናረ፤ የመድፉን ድምፅ ያልሰማው የጎጃም ገበሬም ከጦርነቱ ዕዳ ተካፋይ ሆነ።

እንዲህ ያለውን ሰንሰለት ከወደብ እስከ ማሳ፣ ከማሳ እስከ ጎተራ፣ ከጎተራም እስከ ወታደሩ ስንቅ ድረስ እየተከታተሉ የሚመረምሩበት፣ ጄኔራሉና የሚኒስቴሩ ባለሥልጣን፣ ዲፕሎማቱና የፖሊስ አዛዡ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚማማሩበት ትምህርት ቤት በአንዳንዱ አገር ብሔራዊ የመከላከያ ኮሌጅ፣ በሌላውም ዋር ኮሌጅ ይባላል። መኮንን መሆን የሚሻ ወጣት አስቀድሞ በአካዳሚ ገብቶ ጋንታና ሻምበል መምራትን ይማራል፤ ማዕረጉ ከፍ ሲል በስታፍ ኮሌጅ የብርጌድንና የክፍለ ጦርን እንቅስቃሴ ማቀድን ያጠናል፤ በመጨረሻው ደረጃ ግን የሚጠየቀው ጥያቄ ጦሩ እንዴት ይዋጋ የሚል ሳይሆን፣ አገር የምትሻው ምንድን ነው፣ በምን መንገድ ታገኘዋለች፣ ለዚያስ የሚበቃ ሰው፣ ገንዘብ፣ እህል፣ ነዳጅና ጊዜ አላትን የሚል ነው።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት የተወለደው ከችግር ነው። አሜሪካ እ.አ.አ. በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ ፋብሪካዋ ብዙ፣ ሀብቷም ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ ያንን ሁሉ ወደ ጦር መሣሪያ የሚለውጥ አስቀድሞ የታሰበ ሥርዓት ስላልነበራት፣ ወደ ፈረንሳይ የተሻገረው ሠራዊቷ በአብዛኛው በፈረንሳይ መድፍና አውሮፕላን ለመዋጋት ተገደደ። ከዚህም የተነሣ በ1924 የጦር ሠራዊት የኢንዱስትሪ ኮሌጅ በዋሽንግተን ተቋቋመ። በ1933 ከዚያ ከተመረቁት መኮንኖች አንዱ፣ በኋላ በምዕራብ አውሮፓ የተባበሩትን ኃይሎች ጦር የመራውና ለፕሬዚዳንትነት የበቃው ድዋይት አይዘንሃወር ነው፤ ኮሌጁም እ.አ.አ. ከ2012 ጀምሮ በስሙ ይጠራል። በብሪታንያም በዊንስተን ቸርችል አሳሳቢነት እ.አ.አ. በ1927 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመከላከያ ኮሌጅ በሎንዶን ተከፍቶ፣ ሲቪሉንና ወታደሩን አብሮ ማስተማር ጀመረ። ህንድ እ.አ.አ. በ1960፣ ጎረቤታችን ኬንያም በ1997 የየራሳቸውን ብሔራዊ የመከላከያ ኮሌጅ አቋቁመዋል።

የአይዘንሃወር ኮሌጅ ትምህርት አሥር ወር ያህል ይፈጃል። ተማሪዎቹ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለገሉ ሰዎች በመሆናቸው፣ መምህሩ ከመድረክ ሆኖ የሚያወርድላቸው ቃል ጥቂት ነው፤ በትንሽ በትንሽ ጉባኤ ተከፍለው፣ ያነበቡትን እየተከራከሩበት፣ እርስ በርሳቸው ይማማራሉ። እያንዳንዱም ጉባኤ አንድ የኢንዱስትሪ ዘርፍ ተሰጥቶት ፋብሪካ ድረስ ሄዶ ያያል፤ ጥሬ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ፣ ሠራተኛው እንዴት እንደሚሠለጥን፣ ጦርነት ቢነሣ ምርቱ በስንት ጊዜ ሊጨምር እንደሚችል ይጠይቃል። የገንዘብ ሚኒስቴሩ ሰው የወታደሩን ችግር፣ ወታደሩም የበጀቱን ጭንቅ በዚህ ጉባኤ ያውቃሉ፤ በኋላም በየመሥሪያ ቤታቸው ሳሉ ስልክ ሲደዋወሉ አንዱ የሌላውን ቋንቋ የሚሰማ ይሆናል።

የትምህርቱን ፍሬ ነገር ለማየት ከዓድዋ የተሻለ ምሳሌ ለእኛ አይገኝም። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ፣ አገሪቱ ከብት ካለቀበትና ሕዝብ ከተራበበት ከክፉ ቀን ከወጣች ገና ጥቂት ዓመት ነበር፤ ሆኖም ሠራዊቱ ወረኢሉ ላይ ይሰበሰብ ዘንድ ቦታና ጊዜ ተወስኖ፣ ስንቁ በአጋሰስና በሰው ጀርባ ተጭኖ፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ጦራቸውን አስከትተው ወደ ትግራይ ዘመቱ። የካቲት በገባ ጊዜ ግን የሁለቱም ወገን ስንቅ ተመናምኖ ነበር። የኢጣሊያው ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ የካቲት 21 ቀን አራቱን የብርጌድ አዛዦቹን ጠርቶ ወደ ኋላ የመመለስን ነገር ቢያማክራቸው፣ ማፈግፈግ እንደ ውርደት ስለታያቸው እንዋጋ አሉ፤ ከሮማም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በወቀሳ ቴሌግራም ይገፋፋው ነበር። ስንቁ ሲያልቅ፣ ስለ አገሩ አቀማመጥ የነበረው ካርታ ሲሳሳት፣ ስለ ኢትዮጵያ ሠራዊት ብዛትም የነበረው ግምት ሲያንስ፣ ይህን ሁሉ አውጥቶ በግልጽ የሚያስረዳ ምክር በዚያ ድንኳን ውስጥ አልተገኘም፤ ከሁለት ቀን በኋላም የሆነውን ዓለም ያውቀዋል።

በአርባ ዓመቱ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ማይጨው ላይ ደግሞ የሀብቱና የመሣሪያው ሚዛን በእኛ ላይ ተጫነ። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች መምህርነት የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ስለነበረ፣ ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ የኢጣሊያ ወረራ ደረሰባቸው። በአምስቱ ዓመት አርበኝነት በላይ ዘለቀን የመሰሉ የጎጃም መሪዎች ጦራቸውን ያቆዩት ከጠላት በሚማርኩት መሣሪያና ገበሬው ከጎተራው ቀንሶ በሚያካፍላቸው እህል ነው፤ ሕዝቡ ያልመገበው አርበኛ አንድ ክረምት እንኳ ባልዘለቀ ነበር።

ከነፃነት በኋላ በ1950 ዓ.ም. የሐረር ጦር አካዳሚ በህንድ መኮንኖች ትምህርቱን ጀመረ፤ የመካከለኛ መኮንኖች ማሠልጠኛ የሆነው የኮማንድና ስታፍ ኮሌጅም ኋላ ተከተለ፤ ለከፍተኛው ደረጃ ግን ኢትዮጵያ ሹማምንቷን ወደ ውጭ አገር ስትልክ ኖራ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የራሷን የመከላከያ ዋር ኮሌጅ አቋቁማ ከፍተኛ የጦር መኮንኖችንና የሲቪል መሪዎችን አብራ ማስተማር ጀምራለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሰው ሲቪል ይሆናል ብሎ ስለሚደነግግ፣ ሲቪሉ የጦርን ነገር፣ ጦረኛውም የአስተዳደርን ነገር ካላወቀ ይህ ድንጋጌ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

አገሪቱ እ.አ.አ. በ2002 ያወጣችው የውጭ ጉዳይና የብሔራዊ ደኅንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ ሰነድ ዋናው ተጋላጭነታችን ከውስጥ እንደሚጀምር፣ ድህነትና የመልካም አስተዳደር ጉድለት ከማናቸውም የውጭ ጠላት ቀድመው እንደሚያደክሙን አስፍሯል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጎጃምን ጨምሮ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ማዳበሪያው፣ መድኃኒቱና ተማሪው አብረው መታገታቸውን ላየ ሰው፣ ይህ እውነት ማስረጃ አያሻውም። ከጉንደ ወይን ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ወሎ መካነ ሰላም እንዲደርስ የታሰበውም መንገድ እንዲሁ የብዙ ወገን ጉዳይ ነው፤ መሐንዲሱ በኪሎ ሜትርና በድልድይ ይለካዋል፣ የጦር አዛዡ ሠራዊት በሚያሻግርበት ፍጥነት ያየዋል፣ ነጋዴው የሁለቱን አገር ገበያ ያስብበታል፣ ገበሬው ደግሞ ለጤፉ የሚያገኘውን ዋጋ ያሰላበታል፤ መሪ የሚባለው እነዚህን አራት ሒሳቦች በአንድ መዝገብ ጽፎ፣ ከሌሎችም የአገር ፍላጎቶች ጋር አነጻጽሮ፣ የቱ ይቅደም፣ የቱ ይቆይ ብሎ የሚወስን ነው።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት ቤት ምሩቅ በተሰጠው ዲፕሎማና በሚጨመርለት ማዕረግ ሊመዘን አይገባውም። የሚመዘነው ከሹመት ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ ሁሉም ወደ ጦር በሚቸኩልበት ሰዓት፣ የአገሩን ጎተራ፣ ነዳጅ፣ ገንዘብና የሕዝቡን ፈቃድ ቆጥሮ፣ ይህን እንችላለን፣ ይህን ግን አንችልም ብሎ ለበላዩ በሚናገርበት ድፍረት ነው። ስለዚህ ኮሌጁ ይህን የመሰለ እውነት ያለ ፍርሃት የሚነገርበት ጉባኤ ይሁን፤ የወረዳ አስተዳዳሪው፣ የግብርና ባለሙያውና የመንገድ መሐንዲሱም ከጄኔራሉ ጎን ወንበር ይኑራቸው፤ መንግሥትም ምክሩ ባይጥመው እንኳ መካሪውን አያርቀው። ጦርነት ከመነሣቱ በፊት በወረቀት የተገኘ ስሕተት በቀለም ይታረማል፤ ከተነሣ በኋላ የተገኘ ግን የሚታረመው በሰው ነፍስ ነው።