ቫዮሊኑን መጀመሪያ እናት ትማር

አንድ ሕፃን ቫዮሊን አስተማሪው ዘንድ የሚቆየው በሳምንት ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ቀሪው ሳምንት በሙሉ የሚያልፈው አስተማሪው በማያየው ቦታ፣ በቤት ነው። እንግዲያውስ ልጁን በእርግጥ የሚያስተምረው ማነው? ይህን ጥያቄ የምር ይዘው እስከ መጨረሻው የሄዱበት ሰው ጃፓናዊው ሺኒቺ ሱዙኪ ናቸው። አሠራራቸውን ካወቅሁ ወዲህ ልጅ ያለውን ወዳጄን ሁሉ ይዤ ሳላወራ አልቀርም፤ ሙዚቃ የማይወድ ሰው እንኳ ልጅ እንዴት እንደሚማር የሚያይበት ነገር አለውና።

ሱዙኪ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1898 ናጎያ ከተማ ነው። አባታቸው ማሳኪቺ የቫዮሊን ፋብሪካ ነበራቸው። የሚገርመው፣ ልጅየው በቫዮሊን ክምር መካከል አድገው ቫዮሊን አልተማሩም። አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ቫዮሊኒስቱ ሚሻ ኤልማን የተጫወተውን የሹበርት «አቬ ማሪያ» በሸክላ ሰሙ። ከዚያ ድርቅ ያለ የእንጨት ዕቃ ይህን የመሰለ ድምፅ ይወጣል ብለው አስበው አያውቁም ነበር። ወዲያው አንድ ቫዮሊን ከፋብሪካው ወስደው ሸክላውን እየሰሙ ብቻቸውን መሞከር ጀመሩ። በ1920ዎቹ በርሊን ሄደው ከቫዮሊኒስቱ ካርል ክሊንግለር ተማሩ፤ ቫዮሊን አፍቃሪው አልበርት አንስታይንም እዚያ ወዳጃቸው ሆኑ።

ነገሩ የተለወጠው ወደ ጃፓን ከተመለሱ በኋላ ነው። አንድ አባት የአራት ዓመት ልጁን፣ ቶሺያ ኤቶን፣ ይዞ መጥቶ «አስተምሩልኝ» አላቸው። ሱዙኪ ግራ ተጋቡ። ያን ጊዜ ቫዮሊን የሚማረው ማንበብ የሚችል፣ መመሪያ የሚገባው ልጅ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ በምን ይጀመራል? መልሱን ያገኙት ከዓይናቸው ሥር ከነበረ ነገር ነው፦ የጃፓን ልጆች ሁሉ ጃፓንኛ ይናገራሉ። ለአዋቂ የውጭ ሰው ከባድ የሆነውን ቋንቋ የአራት ዓመት ልጅ አቀላጥፎ ይናገረዋል፤ የኦሳካው ልጅ ደግሞ የኦሳካን ዘዬ ሳይቀር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የሱዙኪ ነገር ሁሉ ከዚህች ይቀዳል። ልጅ አፉን ከመፍታቱ በፊት ስንት ወር ዝም ብሎ ይሰማል? «እማማ» ለማለት ሲንተባተብ ቤተሰቡ በደስታ ያደምቀዋል እንጂ «ይህ ልጅ የቋንቋ ተሰጥኦ የለውም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ወላጅ የለም። ሁለተኛ ቃል ሲለምድ የመጀመሪያውን አይጥልም፤ ቀኑን ሙሉ ሲደጋግመው ይውላል። ማንበብ የሚመጣው ደግሞ መናገር ከተደላደለ ከዓመታት በኋላ ነው። ሱዙኪ እነዚህን አንድ በአንድ ወስደው ወደ ቫዮሊን አመጧቸው። ተሰጥኦ ይዞ የሚወለዱት ዕጣ ሳይሆን በአካባቢ የሚያድግ ችሎታ ነው የሚለው እምነታቸውም የበቀለው ከዚሁ ነው።

ስለዚህ ትምህርቱ የሚጀምረው በጆሮ ነው። ልጁ ወደፊት የሚጫወታቸው ዜማዎች በቤቱ ውስጥ በየቀኑ ይሰማሉ፦ ሲበላ፣ ሲጫወት፣ ሲተኛ። ቁጭ ብለህ አዳምጥ የሚለው የለም። ቫዮሊን አንገቱ ላይ እንደ ጊታር የጣት ቦታ የሚለይ ብረት የለውም፤ እንደ ማሲንቆ ሁሉ ትክክለኛውን ድምፅ የሚያገኘው ጣት በጆሮ እየተመራ ነው። ዜማውን አስቀድሞ በልቡ ያወቀ ልጅ ጣቱ ስታ ስታርፍ ራሱ ይሰማዋል፤ ያላወቀው ግን አስተማሪው «ተሳስተሃል» እስኪለው ይጠብቃል። በዚያ ላይ አስተማሪው ያለው በሳምንት አንዴ ነው! ይህ የጆሮ ትምህርት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የማታው የቃል ትምህርት እንደዚሁ ነው፤ መጽሐፍ ሳይገለጥ፣ መምህሩ ያሉትን እየተቀበሉ፣ ደጋግሞ በማለት ነው የሚጠናው።

ከጆሮ ቀጥሎ የምትመጣው እናት ናት (ወይም አባት፤ በሱዙኪ ዘመን ጃፓን ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ እናት ነበረች)። ልጁ ቫዮሊን ከመያዙ በፊት እናቱ አንድ ዜማ እስክትችል ትማራለች። ዋና ሙዚቀኛ እንድትሆን አይደለም፤ ቀስቱ ሲንሸራተት፣ ትከሻ ሲወጠር፣ ክንድ ሲዝል ምን እንደሚሰማ በገዛ ሰውነቷ እንድታውቅ ነው። ልጁ አጠገቧ ሆኖ ያያል፤ ሌሎች ልጆች ሲማሩም ያያል። ሕፃን እናቱ የያዘችውን ነገር ሳይመኝ አይቀርምና ውሎ አድሮ «እኔስ?» ይላል። ትምህርቱ የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ዘዴ በጣም የምወደው ይህን ነው፤ ልጁ ተገፍቶ አልገባም፣ ጠይቆ ገባ።

የመጀመሪያው ዜማ በእኛ መዋዕለ ሕፃናትም በእንግሊዝኛ የሚዘመረው «ትዊንክል ትዊንክል» ነው። ለምን እሱ? የመጀመሪያዎቹ አራት ድምፆች ግራ እጅ ክሩን ሳይጫን ይወጣሉ፤ ቀስቱን በባዶው ክር ላይ መሳብ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ጣት የምትመጣው በአምስተኛው ድምፅ ላይ ነው። ደግሞም ልጁ የሚጀምረው ዜማውን እንዳለ በመጫወት ሳይሆን እያንዳንዱን ድምፅ «ታካ ታካ ታ ታ» በሚል ምት፣ አራት ፈጣንና ሁለት ዘግየት ያሉ ምቶች አድርጎ ነው። በዚህ ምት ቀስቱ አጭር ሆኖ ለመቆጣጠር በሚቀልበት መካከሉ ላይ ይቆያል፤ ቀኝ እጅ ያንን ምት እስኪጨርስ ግራ እጅ ለሚቀጥለው ድምፅ ለመዘጋጀት ፋታ ያገኛል። ለአዋቂ ተራ የልጅ ዘፈን ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሁለቱን እጅ በየተራ የሚያሠለጥን ብልሃት አለ።

አንዱ ዜማ ሲያልቅ ደግሞ አይጣልም። የሱዙኪ የቫዮሊን መጽሐፍ ዐሥር ቅጽ ነው፤ የመጀመሪያው «ጋቮት» በሚባል የጎሴክ ዜማ ያበቃል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሞዛርት ኮንቼርቶዎች ናቸው። ልጁ ወደፊት ሲሄድ ያለፉትን በየቀኑ ይመለስባቸዋል። ጣቱ መንገዱን ስለማይፈልግ አሁን ድምፁን ማሳመር፣ አቋሙን ማስተካከል ይችላል። በቡድን ሲሰበሰቡም የአራት ዓመቱና የአሥር ዓመቱ ልጅ አብረው የሚጫወቱት ትልቁ የድሮውን ስላልረሳ ነው። በ1955 ቶኪዮ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ልጆች በአንድነት ቆመው እንዲጫወቱ ያስቻለው ይኸው ነው። የዚያ ዝግጅት ፊልም በ1958 አሜሪካ ኦበርሊን ታየ፤ በ1964 ሱዙኪ ራሳቸው ጥቂት ልጆች ይዘው አሜሪካን ዞሩ፤ ዘዴውም በዚያው ተስፋፋ።

ሱዙኪ ግን ዓላማቸው ቫዮሊኒስት ማምረት አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማትሱሞቶ ከተማ ሄደው ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት ብዙ ባጡ ልጆች መካከል ነው፤ የሚሹትም መልካም ልብ ያለው ሰው ማሳደግ ነበር። ያም ሆኖ ያ የአራት ዓመቱ ኤቶ በዓለም የታወቀ ቫዮሊኒስት ሆነ።

ትችትም አለባቸው። ዋነኛው የኖታ ንባብ ነው፤ ብዙ ዜማ በጆሮው የሚጫወት ልጅ ቀላል ኖታ ፊቱ ሲቀርብ ሊደናገር ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን ንባብን ማዘግየቱ ሳይሆን ጭራሽ መርሳቱ ይመስለኛል። አቋሙና ድምፁ ሲረጋ ንባቡን በተለየ ቀላል መጽሐፍ የሚያስጀምሩ የሱዙኪ አስተማሪዎች ብዙ ናቸው። ከዚህ የሚከብደኝ ሌላው ነው፦ ዘዴው በየቀኑ ከልጅ ጋር የሚቀመጥ ወላጅ ይፈልጋል። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ የሌሊት ፈረቃ ያለበት ወላጅ ያን ጊዜ ከየት ያምጣ? እርግጥ ለትንሽ ልጅ በቀን ዐሥር ደቂቃ ብዙ ነው፣ ማሰማቱም በመኪና ውስጥ ሊሆን ይችላል። አክስት ወይም አያት የወላጁን ቦታ ሊይዙም ይችላሉ። ማንም ከሌለ ግን አስተማሪው ብቻውን አይወጣውም።

ልጃችሁን ልታስጀምሩ ካሰባችሁ አስተማሪውን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ትምህርቱ ላይ ተቀምጬ ማስታወሻ ልያዝ? ልጆቹስ በቡድን የሚጫወቱበት ቀን አለ? ቫዮሊኑን ደግሞ «ያድግበታል» ብላችሁ ትልቅ አትግዙ። ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ አንድ አሥራ ስድስተኛ የሚባል በጣም ትንሽ ቫዮሊን አለ፤ ከዚያ እየተለካ ወደ አንድ ስምንተኛ፣ ሩብ፣ ግማሽ እያለ ያድጋል። ልጁ ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አድርጎ ግራ እጁን ሲዘረጋ ጫፉ የእጁ አንጓ ላይ ከደረሰ ልኩ ነው። ከዚያ ካለፈ ትከሻው ይወጠራል፤ የተወጠረ ትከሻ ደግሞ አንዴ ልማድ ከሆነ ለማላቀቅ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ትንሹን መልሶ ትልቁን የሚቀይርላችሁ ወይም የሚያከራይ ሱቅ ካለ ከመግዛት ይልቅ እሱን ምረጡ።