ሐይቅ ሲሄዱ ማደሪያዎን የት ያደርጋሉ?

ለቦረና፣ ለሣይንት፣ ለወግዲና ለለጋምቦ ሰው ውኃ ሲባል በቅድሚያ ወደ አእምሮው የሚመጣው ከገደሉ ሥር የሚምዘገዘገው ዓባይ ነው። ረግቶ የተኛ፣ ዙሪያውን ተራራ የከበበው ውኃ ለማየት ግን ደቡብ ወሎን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጦ ሐይቅ ከተማ መድረስ ያስፈልጋል። የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉ ሙሽሮች፣ ፈቃድ የወጡ መምህራን፣ አዝመራቸውን የሰበሰቡ አርሶ አደሮች፣ ገዳሙን ለመሳለም የሚሄዱ ምዕመናን ይህን መንገድ ይጓዙታል። አብዛኛው ተጓዥ ያለው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ነው፤ የያዘው ገንዘብም የተቆጠረ ነው። የሚያድርበት ቦታ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚያወጣና ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባ ይወስናል።

ምርጫው የሚጀምረው ከመንገዱ ነው። ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል እስከ ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ብዙ ባይመስልም መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን አምባ ፈሪትን ባቀፈው ደጋ በኩል ያልፋል። ጭጋግ የወረደ ቀን አሽከርካሪው ይዘገያል፤ የጉጉፍቱ ብርድም ጋቢ ያላሰበን ተጓዥ አይምርም። ከደሴ እስከ ሐይቅ ደግሞ በወልድያው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ደሴ የሚደርስ ተጓዥ የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያው ደሴ ቢያሳልፍ ይመረጣል። ሐይቅ ሲመሽ የደረሰ ሰው ክፍሉን በብርሃን ሳያይ፣ ዋጋም ሳያማርጥ ያገኘውን ይይዛል። ጉዞ ከመጀመርዎ በፊት በዚያ ሳምንት በመስመሩ የተመላለሱ አሽከርካሪዎችን ስለ መንገዱ ሁኔታና ደኅንነት መጠየቅዎን አይርሱ። ባለፈው ወር የተሰማ ወሬ ለዛሬ ጉዞ አይበቃም።

ደሴ ማደር ብዙ ጥቅም አለው። ሆቴሉ ብዙ ነው፤ ባንኩ፣ ሆስፒታሉና መድኃኒት ቤቱ ቅርብ ናቸው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ለመካነ ሰላም ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ጉድለቱ ሐይቁን በቀን ብቻ ማየትዎ ነው። ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅ ውሎ የሚመለስ ሰው የሚደርሰው ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ የሚነሣው ደግሞ ከመጥለቋ በፊት ነው። የሐይቁ ውበት የሚገለጠው ግን በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ሐይቅ ከተማ ነው። እዚህ ላይ አዲስ መጤውን የሚያሳስተው ስሙ ነው። ከተማውም ውኃውም «ሐይቅ» ይባላሉ፤ ነገር ግን ከተማው የተቆረቆረው በዋናው አስፋልት ላይ ነው፤ ውኃው ከከተማው ወረድ ብሎ ይገኛል። «ሐይቅ አልጋ ይዤልሃለሁ» የተባለ ሰው መስኮቱን ሲከፍት ውኃ ሳይሆን የጭነት መኪና ሊያይ ይችላል። መንገዱ ከደሴ ወደ ወልድያና ከዚያም ወደ ሰሜን የሚዘልቅ በመሆኑ የመኪናው ድምፅ ሌሊትም ላይቋረጥ ይችላል። ክፍል ሲይዙ ከመንገዱ በስተጀርባ ያለውን ይጠይቁ። ከዚህ በተረፈ የከተማው አልጋ ለኪስ ይቀላል፤ ምግብ ቤቱም ገበያውም ቅርብ ነው፤ ወደ ውኃው ለመውረድ ባጃጅ ይበቃል።

ሦስተኛው በውኃው ዳር ያሉት ሎጆችና ማረፊያዎች ናቸው። በእኛ ግምት ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር ንጋቱ ነው። ማለዳ ነፋሱ ሳይነሣ ውኃው ይረጋል፤ ተራራው በውኃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል፤ ዓሣ አስጋሪዎችም በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው። በጀልባ መንሸራሸር ለሚፈልግም የተሻለው ጊዜ ይኸው ነው። ሆኖም ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት እንዳለው ማወቅ ይገባል። ከዳር ሲታይ የዋህ ይመስላል እንጂ ለማያውቀው ሰው የሚዋኝበት አይደለም። ልጆች ይዘው ከሄዱ ግቢው ከውኃው በአጥር የተለየ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። በሳሕን የሚቀርብልዎ ቆሮሶ ዓሣ ደግሞ ከጥንት የነበረ ሳይሆን በ1970 ዓ.ም ገደማ ወደ ሐይቁ የተጨመረ ዝርያ ነው፤ ዛሬ የበርካታ አስጋሪ ቤተሰቦች እንጀራ ሆኗል። በሐይቁ ዳር ያደረና ዓሣውን ከአስጋሪዎቹ የገዛ እንግዳ ገንዘቡ እዚያው አካባቢ ይቀራል፤ ደሴ አድሮ ምሳውን ቋጥሮ የመጣ ሰው ለአካባቢው የሚተወው ጥቂት ነው።

ስለ ውኃ ዳር ማረፊያ ስንናገር ብዙ እንግዳ የማያነሣውን አንድ ጥያቄ ማንሳት አስፈላጊ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል? የሐይቅ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ የለውም። በዙሪያው ካለው ተራራ የሚወርደው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ጣና በዓባይ በኩል ይተነፍሳል፤ ይህ ሐይቅ ግን የገባበትን አያስወጣም። ስለሆነም ፍሳሹን በአግባቡ በተሠራ ጉድጓድ የሚይዝ ማረፊያ መምረጥ ዓሣ አስጋሪውንም የሐይቁን ዳር አርሶ አደርም መጥቀም ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ በአግባቡ የሠራ ባለቤት በደስታ ያሳያል።

የአየሩ ጉዳይም ሊዘነጋ አይገባም። የሐይቁ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በሀገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አካባቢ በአብዛኛው ለወባ ተጋላጭ ተብሎ ይወሰዳል። የደጋ ሰው ሰውነቱ ወባን ስለማይለምድ ሲይዘው ይበረታበታል። ክረምቱ አልፎ ተራራው አረንጓዴ የሚለብስበት፣ ለጉብኝት እጅግ የሚመረጠው ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ወባ የሚበረታበትም ነው። በዚህ ወቅት ነፍሰ ጡርና ሕፃን ይዞ የሚጓዝ ቤተሰብ ደሴ ቢያድር እንመክራለን። በሐይቁ ዳር የሚያድር ሰው ደግሞ አጎበር መኖሩን በስልክ ጠይቆ፣ ሲደርስም አለመቀደዱን በዓይኑ አይቶ ክፍሉን ይያዝ። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከተሰማዎ ለጤና ባለሙያው «ሐይቅ ነበርኩ» ይበሉ።

ለገዳሙ የሚሄዱ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለባቸው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ የትምህርት ማዕከል ያደረጉት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ስፍራ ነው። ከ700 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የኢየሱስ ሞአ ወንጌል ከቅርሶቹ አንዱ ነው። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች አይገቡም። ባልና ሚስት፣ ወንድምና እኅት አብረው ከሄዱ ወንዶቹ ሲሳለሙ ሴቶቹ የሚያርፉበትን ቦታ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ማደሪያው ቅርብ ከሆነ እናት ልጅ ታቅፋ በፀሐይ አትቆምም። የእስጢፋኖስ በዓል ጥቅምት 17 ቀን፣ የአባ ኢየሱስ ሞአ በዓል ደግሞ ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም የሚተምመው ሕዝብም በደሴና በዙሪያዋ ያድራል። በእነዚህ ቀናት አልጋ ቀድሞ ያልያዘ ሰው ከዘመድ ቤት ሌላ አማራጭ ላይኖረው ይችላል። ለበዓሉ የማይሄድ ከሆነ ሳምንት ቢያሳልፍ ክፍልም ዋጋም ይለቅለታል።

ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚኖርበት ሀገር ስለሆነ የወጥ ቤቱን ነገር መጠየቅ የተለመደ ነው። ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ፣ በጾም ቀን የጾም ምግብ እንዳለ፣ የመስገጃ ቦታ እንዳለ በስልክ ቢጠየቅ ማንም ቅር አይለውም። ዋጋው በአልጋ ነው ወይስ በሰው? ቁርስን ይጨምራል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ውኃ ሲቋረጥ ማጠራቀሚያ አለ? መልሱን ሳይሰሙ ቀብድ አይላኩ። የሁሉም ተጓዥ መታወቂያም አይረሳ።

ሦስት ሌሊት ላለው ጤነኛ ተጓዥ የእኛ ምርጫ የመጀመሪያውን ደሴ፣ ሁለተኛውን በሐይቁ ዳር፣ ሦስተኛውን ለመልስ ጉዞ እንዲመች ደግሞ ደሴ ማድረግ ነው። ሁለት ሌሊት ብቻ ያለው የመጨረሻውን ይተው፤ ከሐይቅ ግን ማልዶ ይነሣ።

ይኸው ጥያቄ ተገልብጦም ወደ ምዕራቡ ይመጣል። ቀድሞ የደንቆሮ ደን በመባል የሚታወቀውን የቦረና ሣይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ለማየት የሚመጣ እንግዳ መካነ ሰላም ደርሶ «የት ልደር?» ይላል። ጭላዳ ዝንጀሮ የሚያድረው በገደል ላይ ነው፤ ወደ ሜዳው የሚወጣው ጠዋት ነው። ቀይ ቀበሮን ለማየት የሚመኝም ማልዶ መገኘት አለበት። ስለዚህ ደሴ ያደረ እንግዳ ለዚህ ፓርክ አይሆንም፤ ማደሪያው መካነ ሰላም ወይም ከዚያ የቀረበ የገጠር ቤት መሆን አለበት። በሰሜን ወሎ መቄት አርሶ አደሮች በማኅበር ተደራጅተው በገደሉ አፋፍ የሣር ክዳን ጎጆዎች ሠርተው እንግዳ ማሳደር ከጀመሩ 20 ዓመታት ያህል ሆኗቸዋል። እንግዳው በእግሩ ከመንደር መንደር ይሄዳል፤ ጓዙን አህያ ይጭናል፤ ከገቢውም ለማኅበረሰቡ ይደርሳል። ለዚህ ሥራ ፎቅ አላስፈለገም። ያስፈለገው ንጹሕ አንሶላና ወፍራም ብርድ ልብስ፣ በር ያለው ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ የፈላ ውኃ፣ ከከብቶች የተለየ ክፍልና እንግዳው ሳይገባ የሚነገረው የማይለዋወጥ ዋጋ ነው።