ከቡችላው ዋጋ በላይ የሚያስከፍል ቀለብ

መጋዘኑን ለማስጠበቅ የጀርመን ዝርያ ቡችላ የሚገዛ የአዲስ አበባ ነጋዴ በዋጋው ላይ አጥብቆ ይከራከራል። ስለ ቀለቡ ግን ብዙም አይጠይቅም። ውሻ ትርፍራፊ ይበላል ተብሎ ስለሚታሰብ ወጪው በመዝገብ አይሰፍርም።

ኪሳራው የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። በወጥ ውስጥ የሚበዛው ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ከሉካንዳ በርካሽ የሚገኘው ጥሬ ሳንባና ጉበት ደግሞ የባሰ ነው። ሃይዳቲድ የተባለ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት፣ እጩ በውሻው አንጀት የኮሶ ትል ይሆናል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ሰው ሲተላለፍ ከረጢቱ በሰው ጉበት ላይ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። (የሆስፒታሉን ሂሳብ ከቡችላው ዋጋ ጋር ማነጻጸር ለገዢው ይተዋል።)

ስለዚህ ሳንባና ጉበት ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀቀል። ቡችላው 6 ወር እስኪሞላው በቀን 3 ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት ተመጥኖ ይሰጠው፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ያልበላው ይነሳ። ቶሎ እንዲደልብ ማጨቅም አያዋጣም፤ በፍጥነት የከበደ ትልቅ ዝርያ የዳሌ መገጣጠሚያው ይጎዳል።

ቀለብ በአንድ ጊዜ ሲለወጥ ተቅማጥ ስለሚያስከትል፣ ገዢው ቡችላው ምን ሲበላ እንደቆየ ሻጩን ጠይቆ አዲሱን በ7 ቀን ውስጥ እየቀላቀለ ያስለምደው።