ቆቡ ልብ ያነባልን? ስለ አእምሮ ቤተ ሙከራ ተረትና እውነታ

የሰው ልጅ የባልንጀራውን ሐሳብ ሳይነገረው ለማወቅ ያለው ጉጉት ጥንታዊ ስለ ሆነ፣ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሽቦ የበዛበት ቆብ ደፍቶ የተቀመጠ ወጣት በሥዕል ያየ ሁሉ፣ ልብና ኩላሊትን መመርመር ከፈጣሪ እጅ ወጥቶ ለመሣሪያ ተሰጠ ብሎ ቢደነቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቪልሄልም ቩንት በ1879 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ ካቋቋመ ጀምሮ ሊቃውንቱ የያዙት መንገድ ከዚህ የተለየና ትሑት ነው፤ የሚለኩት ሐሳብን ሳይሆን ሐሳብ በሥጋ ላይ የሚተወውን ምልክት ነው፤ ከምልክቱ ወደ ሐሳቡ የሚሻገሩትም በማነጻጸር ብቻ ነው።

ተረት፦ ቆቡ ኤሌክትሪክ ወደ ራስ እየሰደደ ሐሳብን ያነባል።

እውነታ፦ ይህ ቆብ ይቀበላል እንጂ አይሰጥም። ሐኪሙ ሐንስ በርገር በየና ከተማ በ1924 ከሰው ራስ ላይ መዝግቦ በ1929 ለዓለም የገለጠው የአንጎል ኤሌክትሪክ እጅግ ደካማ፣ ይኸውም ከአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ ክፍል ጥቂት አሥሮች ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ተመርማሪው ዓይኑን አንድ ጊዜ ቢያርገበግብ የዓይኑ ምልክት የአንጎሉን ይውጠዋል። ስለዚህ መርማሪው በቆቡ ላይ ምልክቱን በሚቀበለው በየኤሌክትሮዱ ሥር ጨው ያለበት ቅባት እያስገባ ከቆዳው ጋር ካገናኘ በኋላ፣ በስክሪኑ መካከል ካለችው ትንሽ መስቀል ዓይኑን እንዳያነሣ፣ ጥርሱንም እንዳይነክስ ይለምነዋል። ዓይኑን ሲጨፍን በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል የሚመላለስ ማዕበል ከራሱ በስተኋላ ጎልቶ ይታያል፤ ሲገልጥ ይደክማል። አንዲት ቃል የቀሰቀሰችውን ምላሽ ለመለየት ግን ሙከራውን ብዙ ጊዜ ደጋግሞ አማካዩን ማውጣት ግድ ነው። በዚሁ ዘዴ ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ በ1980፣ ከዐረፍተ ነገሩ ጋር የማይስማማ ቃል ሲነበብ ከ400 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ የሚነሣ ልዩ ምልክት ገለጡ፤ ምልክቱ ቃሉ እንግዳ መሆኑን ይመሰክራል እንጂ አንባቢው በልቡ ያለውን አይናገርም።

ተረት፦ ፖሊግራፍ ሐሰተኛን ይይዛል።

እውነታ፦ ፖሊግራፍ የሚመዘግበው ትንፋሽን፣ የደም ግፊትንና የእጅን ላብ ነው፤ ጣት የሚያልበውም በሐሰት ብቻ ሳይሆን በፍርሃት፣ በኀፍረትና በድንገተኛ ድምፅ ጭምር ነው። በአገራችን በቀድሞ ዘመን ሌባ ሻይ የተባለው ብላቴና መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል እንደ ነበረ፣ በፖሊግራፍም ፊት ንጹሕ ሰው ስለ ፈራ ብቻ ሊጠረጠር ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤትም በ2003 ባሳተመው ጥናት፣ መሣሪያው ሠራተኞችን ለጸጥታ ጉዳይ ለማጣራት የሚታመን አለመሆኑን አስታውቋል።

ተረት፦ ከአንጎላችን የሚሠራው 10 በመቶው ብቻ ነው።

እውነታ፦ አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከኃይሉ 20 በመቶ ያህሉን ይበላል፤ ዘጠኝ እጁ ሥራ ፈት ቢሆን ይህን ያህል ቀለብ ባላስፈለገው ነበር።

ተረት፦ በቤተ ሙከራ ምልክት አይቶ ቁልፍ መጫን የልጆች ጨዋታ እንጂ ምርምር አይደለም።

እውነታ፦ በዩትሬኽት የነበረው ሐኪም ፍራንሲስኩስ ዶንደርስ በ1868 የአእምሮን ሥራ በጊዜ የለካው ያለ ቆብ ነው፤ አንድ ምልክት ብቻ ጠብቆ ለመመለስ የሚፈጀውን ጊዜ፣ ከሁለት አንዱን መርጦ ለመመለስ ከሚፈጀው ቀንሶ፣ ቀሪውን የምርጫ ዋጋ አደረገው። ጆን ሪድሊ ስትሩፕም በ1935 ባሳተመው ጥናት የቀለም ስሞች በሌላ ቀለም ተጽፈው ሲቀርቡ የቀለሙን ስም መጥራት እንደሚዘገይ አሳየ፤ «ቀይ» የሚለው ቃል በአረንጓዴ ቀለም ተጽፎ የቀረበለት ሰው «አረንጓዴ» ለማለት የሚያመነታው፣ ንባብ ሳይፈቀድለት ቀድሞ ስለሚገባ ነው።

እንግዲህ መሣሪያ ልብን አነበበ የሚል ወሬ የሰማ ሰው፣ ከመደነቁ በፊት ምን ከምን ጋር ተነጻጸረ፣ ስንት ጊዜስ ተደገመ ብሎ ይጠይቅ፤ ለዚህ መልስ የሌለው ወሬ፣ የሽቦው ብዛት ቢያስደንቅ እንኳ፣ ከዶንደርስ ሰዓት ያነሰ ምስክር ነው።