«ብየዳው ካለቀ እሳቱም አለቀ»፦ በትምህርት ተቋማት ግቢ ስለሚካሄድ ብየዳና ቆረጣ ተረትና እውነታ

በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ቅጥር ግቢ የሚካሄድ የብየዳና የብረት ቆረጣ ሥራ በአብዛኛው ለዓይን የማይሞላ የጥገና ሥራ ነው፤ በተማሪዎች ማደሪያ የተሰበረ ተደራራቢ አልጋ ይበየዳል፣ ለቤተ መጻሕፍት መስኮት ፍርግርግ ይገጠማል፣ በቤተ ሙከራ ኮርኒስ ሥር የሚያልፍ አሮጌ ቧንቧ ተቆርጦ ይወጣል። ሥራው ትንሽ ስለሆነ አደጋውም ትንሽ ይመስላል። ይሁንና የብየዳ ወርክሾፕ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ዙሪያው ከሚቃጠል ነገር የጸዳ እንዲሆን ታስቦ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በጥገና ጊዜ ግን ብረቱ ወደ በያጁ መምጣቱ ይቀርና በያጁ ወደ ብረቱ ይሄዳል፤ በዚያም የሚያገኘው ስፖንጅ ፍራሽ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ የቺፕውድ ኮርኒስና የኬሚካል ጠርሙስ ነው፤ ከግድግዳው ባሻገርም ብየዳ መኖሩን የማያውቅ ተማሪ ይተኛል ወይም ያነባል። የእሳት ደኅንነት ባለሙያዎች ነበልባል፣ ፍንጣሪ ወይም ለማቀጣጠል የሚበቃ ሙቀት የሚያወጣን ሥራ ሁሉ «ሙቀት አመንጪ ሥራ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩትና ከወርክሾፕ ውጭ ሲሠራ የጽሑፍ ፈቃድ የሚጠይቁበት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ሥራ ዙሪያ ከሚመላለሱት እምነቶች መካከል የብዙ ቃጠሎ አባት የሆነው፣ ኤሌክትሮዱ ከብረቱ ሲነሣ ወይም የጋዝ መቁረጫው ነበልባል ሲጠፋ አደጋውም አብሮ ያበቃል የሚለው ነው። በዚህ እምነት መሠረት በያጁ የመጨረሻዋን ነጥብ ይበይዳል፣ ቅርፊቱን በመዶሻ ያራግፋል፣ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ይቃኛል፣ ገመዱን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ሥራ ይሄዳል፤ ክፍሉም ይቆለፋል።

እምነቱ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ከብየዳ የሚበተነው ፍንጣሪ አብዛኛው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በአየር ላይ እንዳለ በቅጽበት ይቀዘቅዛል፤ በያጁም ቀኑን ሙሉ በቆዳ ሽርጡና በእጅጌው ላይ ሲረግፍ እያየው አንድም ጊዜ ላይቃጠል ይችላል። ሃያ ዓመት የበየደና እሳት አስነሥቶ የማያውቅ ባለሙያ ብዙ ነው፤ ስለዚህ የገዛ ልምዱ ፍንጣሪ እንደማይጎዳ ቢነግረው ሊያስገርም አይገባም። ችግሩ ልምድ የሚያስተምረው ስለ ብዙኃኑ ፍንጣሪ ሲሆን፣ እሳት የሚያስነሣው ግን ከመካከላቸው ጥቂቱ መሆኑ ነው።

ብረት የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ወረቀትና ደረቅ እንጨት ግን 300 ዲግሪ ሳይደርሱ ሊቀጣጠሉ ይችላሉ። በመሆኑም ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የቀለጠ ብረት ጠብታ ወለል ላይ ወድቃ፣ ነጥራና ተንከባላ በሰሌዳና በግድግዳ መካከል ካለ ስንጥቅ ስትገባ፣ ቀይነቷ ከጠፋ በኋላ እንኳ ለማቀጣጠል የሚበቃ ሙቀት ይዛ ልትቆይ ትችላለች። በኦክስጅን የሚደረግ ቆረጣ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ቆራጩ ብረቱን በነበልባል ካጋለ በኋላ የሚለቀው የኦክስጅን ግፊት ብረቱን ራሱን እያቃጠለ የቀለጠውን ዝቃጭ በኃይል ወደ ታች ስለሚነፋው ነው። የአሜሪካ ደንቦች ከሥራው ቦታ ዙሪያ 11 ሜትር ገደማ ድረስ የሚቃጠል ነገር እንዲነሣ፣ የማይነሣው ደግሞ እሳት በማይበላው መሸፈኛ እንዲሸፈን ያዘዙት ጠብታው ይህን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ስለታወቀ ነው። ሥራው ከፍ ባለ ቦታ ወይም ነፋስ ባለበት ሲሆን 11 ሜትሩም አይበቃም።

ጠብታዋ ያረፈችው በጥጥ፣ በሰጋቱራ፣ በወረቀት ክምር፣ በአንዳንድ የስፖንጅ ዓይነት፣ ወይም ከኮርኒስ በላይ ወፍ በሠራችው ጎጆ ላይ ከሆነ፣ የሚከተለው ባለሙያዎች የታመቀ ቃጠሎ የሚሉት ነው፤ ይህም ነገሩ ነበልባል ሳያወጣ ከውስጡ እየጋለ ቀስ ብሎ የሚበላበት የቃጠሎ ዓይነት ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሰዓት በሳንቲሜትር የሚቆጠር፣ ጭሱም መጀመሪያ ላይ ለአፍንጫ እንኳ የማይደርስ ሊሆን ይችላል። ማታ በአመድ የተዳፈነ ፍም ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ሲገለጥና እፍ ሲባል እንደሚነድደው ሁሉ፣ ይህም ቃጠሎ በር ሲከፈት፣ ነፋስ ሲገባ ወይም ከተሸሸገበት ጥልቀት ወደ ላይ ሲደርስ በድንገት ወደ ነበልባል ይለወጣል። በዚያን ሰዓት በያጁ ቤቱ ገብቷል።

በጀርመን የዱሰልዶርፍ አውሮፕላን ማረፊያ በሚያዝያ ወር 1996 እ.ኤ.አ. የደረሰው ቃጠሎ ይህ ምን ያህል ሊሰወር እንደሚችል ያሳያል፤ ከተርሚናሉ በላይ ባለው መንገድ ላይ በሚከናወን የብየዳ ሥራ የተነሣ የጋለ ብረት በመንገዱ መጋጠሚያ ክፍተት ወርዶ፣ ከታች ባለው ኮርኒስና በመንገዱ ወለል መካከል የተነጠፈውን የፖሊስታይሪን መከላከያ አቀጣጠለ፤ እሳቱም ከሰው ዓይን በላይ ተደብቆ ከተስፋፋ በኋላ በጭስ ተርሚናሉን አጥለቅልቆ 17 ሰዎችን ገደለ። በኢትዮጵያ ብዙ የቆዩ የትምህርት ቤትና የኮሌጅ ሕንጻዎች የቺፕውድ ኮርኒስና ከበላዩ ለዓመታት የተጠራቀመ አቧራ ያለው ክፍት ቦታ እንዳላቸው የሚያውቅ ሰው፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚደረግን ብየዳ በቸልታ ሊያየው አይችልም።

ከዚህ የተነሣ ሥራው ካበቃ በኋላ በቦታው የሚቆይ የእሳት ጠባቂ እንዲመደብ ሕጎች ይጠይቃሉ። የአሜሪካ የሠራተኞች ደኅንነት ደንብ ዝቅተኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሲያደርገው፣ የዚያው አገር ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ሙቀት አመንጪ ሥራን በሚመለከተው ቁጥር 51ቢ ደረጃው በ2019 እ.ኤ.አ. እትሙ ወደ አንድ ሰዓት አሳድጎታል። አንድ ሰዓት ራሱ ዋስትና አይደለም፤ የታመቀ ቃጠሎ በየትኛው ዕቃ ውስጥ ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል በእርግጠኝነት የሚናገር የለም፤ ስለዚህም ከሰዓቱ በኋላ በየጊዜው እየተመለሱ ማየት የሚጠየቅባቸው ቦታዎች አሉ። እርግጡ ነገር ግን አንድ ጊዜ ዙሪያን ቃኝቶ መሄድ ከምንም የማይቆጠር መሆኑ ነው።

የጠባቂው ሥራ ቆሞ ማየት ብቻ አይደለም። ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ክፍል ከፍቶ ይገባል፤ ብረት ሙቀት አስተላላፊ ስለሆነ በዚህ ወገን የተበየደ ቧንቧ ወይም አግዳሚ በዚያኛው ወገን የተደገፈበትን እንጨት ሊያቀጣጥል ይችላልና። የኮርኒሱን መክፈቻ አንሥቶ በባትሪ ያያል፣ ያሸትታል፤ ከፎቅ ላይ ከተሠራ ከታች ባለው ወለል ሌላ ሰው ይቆማል። ማጥፊያ ከእጁ አይርቅም፤ የሕንጻው የማንቂያ ደወል የት እንዳለና ለማን እንደሚደወል፣ በአዲስ አበባ ከሆነ 939 መሆኑን፣ ሥራው ሳይጀመር ያውቃል። ከሁሉ በላይ ሌላ ሥራ አይሰጠውም፤ ኤሌክትሮድ የሚያቀብል ረዳት ጠባቂ ተብሎ ሲመዘገብ ጠባቂ የለም ማለት ነው።

«ስንት ዘመን ሠርተናል፣ ምን ተፈጠረ?» የሚለው የፎርማኖች መልስ ዕድልን እንደ ዕውቀት የሚቆጥር ነው፤ የዕለት ሥራው የሚያስጨንቀው ፎርማን እንዲህ ቢል ግን ቢያንስ ምክንያቱ ይገባል። ይቅርታ የማይገባው ይህንኑ ለተማሪ የሚያወርስ መምህር ነው። ቀጥ ያለ የብየዳ መስመር መጣል የሚችል፣ ነገር ግን ከብየዳ በኋላ አንዲት ሰዓት በቦታው ቆሞ የማያውቅ ተማሪ እያስመረቀ የሚያወጣ የሙያ ኮሌጅ በየዓመቱ እሳት የማስነሣት ችሎታን ከነምስክር ወረቀቱ ያድላል።

የዚህ እምነት ታናሽ ወንድም የሥራ ፈቃድ ወረቀት ቢሮክራሲ ነው የሚለው ሲሆን፣ ለዚህ እምነት መስፋፋት ተጠያቂዎቹ ፈቃዱን ከጠረጴዛቸው ሳይነሡ የሚፈርሙ ኃላፊዎች ናቸው። ፈቃድ ማለት ፈራሚው በቦታው ተገኝቶ የሚቃጠለው መነሣቱን፣ የወለልና የግድግዳ ቀዳዳዎች መደፈናቸውን፣ ጠባቂው በስሙ መመደቡን አይቶ ለዚያ ቦታና ለዚያ ፈረቃ ብቻ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። በቦስተን ከተማ በመጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. ያለፈቃድ የብረት መደገፊያ ሲበየድ የተነሣ ፍንጣሪ አጎራባቹን የመኖሪያ ሕንጻ አቀጣጥሎ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል፤ ከተማዋም ከዚያ በኋላ በሙቀት አመንጪ ሥራ ለሚሰማሩ ሥልጠና ግዴታ አድርጋለች። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ የመውሰድ ግዴታ ስላለበት፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የፈቃድ ሥርዓት ለማውጣት ሌላ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልገውም።

የቀሩት እምነቶች ብዙ ክርክር አይፈጁም። ግራይንደር ነበልባል ስለሌለው ከሙቀት አመንጪ ሥራ ደንብ ውጭ ነው የሚለው ሐሰት ነው፤ ከዲስኩ የሚወጣው የብረት ብናኝ በአየር ውስጥ ሲበር ራሱ እየነደደ ነው፣ ደንቡም ቆረጣና መፋቅን ከብየዳ እኩል ይመለከታል። ባዶ በርሜል አይፈነዳም የሚለው ደግሞ ሐሰት ብቻ ሳይሆን ገዳይ ነው፤ የቤንዚን ትነት ከአየሩ መቶ እጅ አንድ ተኩል ያህል ብቻ ሲሆን ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ባዶ የተባለው በርሜል ከሞላው ይልቅ ለፍንዳታ የተመቸ ነው። ነዳጅ ያልነበረበት ጋንም ቢሆን አያስተማምንም፤ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ቶማሆክ በተባለች ከተማ በሐምሌ 2008 እ.ኤ.አ. በወረቀት ፋብሪካ ውኃና የወረቀት ጭረት በያዘ ጋን ውስጥ ባክቴሪያዎች የፈጠሩት ሃይድሮጅን በላዩ በተደረገ ብየዳ ፈንድቶ ሦስት ሠራተኞችን ገድሏል።

ወለሉን ውኃ ማርከፍከፍ ለእንጨት ወለል በእርግጥ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚበይድ ሰው እርጥብ ወለል ላይ ሲቆም አንዱን አደጋ በሌላ መለወጥ ስለሆነ፣ በያጁ የሚቆምበት ደረቅ መረማመጃ ያስፈልጋል። ኦክስጅን አየር ስለሆነ ጉዳት የለውም የሚለውም እንዲሁ ከፊል እውነት ነው፤ ኦክስጅን ራሱ አይቃጠልም፤ ሌላውን ግን በብርቱ ያቃጥላል፤ በመሆኑም የጠበቀን የሲሊንደር ማያያዣ ወይም ጌጅ ዘይት ወይም ግሪስ መቀባት፣ ልብስን ከአቧራ በኦክስጅን ማራገፍ፣ ጠባብ ክፍልን በኦክስጅን «ማናፈስ» ሰው ያቃጠሉ ልማዶች ናቸው። አሲቲሊን በበኩሉ ከ1 ባር ገደማ በላይ በሆነ ግፊት ያለ ኦክስጅን እንኳ ሊፈነዳ ይችላል፤ በሲሊንደሩም ውስጥ በአሴቶን ሟሙቶ ስለሚቀመጥ ሲሊንደሩ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ ሥራ ላይ አይውልም። የሁለቱ ጋዞች ሲሊንደሮች በመጋዘን ሲቀመጡ በ6 ሜትር ይራራቃሉ፣ ወይም 1.5 ሜትር ከፍታ ባለውና እሳትን ለግማሽ ሰዓት በሚከላከል ግድግዳ ይለያያሉ። የብየዳ ጭስ ደወል እንዳያስጮህ የሕንጻውን የጭስ ጠቋሚ በሙሉ ማጥፋትም የተለመደ አቋራጭ ነው፤ መሸፈን ያለበት በሥራው ክፍል ያለው ብቻ ሲሆን፣ ሽፋኑም በዚያው ዕለት መነሣት አለበት።

እነዚህ ሁሉ ታርመው የመጀመሪያው እምነት ብቻ ሳይነካ ሊቀር የሚችልበት አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም ገንዘብ ነው። በግቢ ውስጥ ብዙው የጥገና ሥራ በኮንትራት ስለሚሰጥ፣ ከብየዳው በኋላ የሚቆመው ሰዓት ደግሞ ክፍያ ስለሌለው፣ ኮንትራክተሩ አደጋው ከነበልባሉ ጋር አብሮ ያበቃል ብሎ ቢያምን ይጠቀማል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲዎች የግዥና የጥገና ክፍሎች በሚያወጡት የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ሰንጠረዥ ላይ የእሳት ጠባቂው ሰዓት ራሱን የቻለ ተራ ቁጥርና ዋጋ ይኑረው፤ ጠባቂው የፈረመበት የፈቃድ ቅጽ ያልተያያዘበት የብየዳ ክፍያም አይለቀቅ።