ከዝናቡ በኋላ የሚሞቱት ዓሣዎች

ኮሆ ሳልሞን የተባለው ዓሣ ወንዝ ውስጥ መሞቱ ብቻውን ማንንም አያስደንቅም። ጅረት ውስጥ ይፈለፈላል፣ ወደ ውቅያኖስ ወርዶ ያድጋል፣ በሦስት ዓመቱ ገደማ ወደ ጅረት ተመልሶ ዘሩን ይተካል፤ ከዚያም ይሞታል። ተፈጥሮው ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በምዕራብ ሲያትል በሚፈሰው በሎንግፌሎው ጅረት የታየው ሞት ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ሴቶቹ ዓሣዎች የሚሞቱት እንቁላላቸውን ሳይጥሉ፣ ሆዳቸው እንደሞላ ነበር።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስቆጨው ጅረቱ እንዲያገግም ብዙ የተለፋበት መሆኑ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲያትል ተበላሽተው የቆዩ ጅረቶቿን መልሳ ማልማት ጀምራ ነበር። ዳርቻቸው ላይ ዛፍ ተተከለ፤ የዓሣን መንገድ የዘጉ መሰናክሎች ተነሡ። ሳልሞኖቹም መጡ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ግን ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ መዞር ይጀምራሉ፤ ሚዛናቸውን ስተው ይገለበጣሉ፤ በሰዓታት ውስጥም ይሞታሉ። የፌዴራሉ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ተመራማሪ ናት ሾልዝና ባልደረቦቹ ሞቱን ለዓመታት ተከታተሉት። በ2011 ያሳተሙት ውጤት እንደሚያሳየው፣ በየዓመቱ ወደ ከተማው ጅረቶች ከሚመለሱት ኮሆዎች ከ60 እስከ 100 በመቶ የሚሆኑት ዘር ሳይተኩ ይሞቱ ነበር። ለንጽጽር በተመረጠው፣ በደን መሐል በሚፈስ ጅረት ግን እንዲህ የሚሞቱት ከ1 በመቶ በታች ነበሩ።

ተጠርጣሪዎቹ አንድ በአንድ ተመረመሩ። የውሃው ሙቀት ነው? አይደለም። የኦክስጅን ማነስ ነው? አይደለም። በሽታም፣ ፀረ ተባይ መድኃኒትም፣ እንደ መዳብ ያሉ ብረቶችም ለብቻቸው ሞቱን ሊያስረዱ አልቻሉም። የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው ከካርታ ነው። የሞቱ መጠን ከመሬት አጠቃቀም ጋር ሲነጻጸር፣ መንገድና አስፋልት በበዛበት ተፋሰስ ሞቱም በዝቶ ተገኘ።

ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ከሲያትል አውራ ጎዳና የሚወርደውን የዝናብ ጎርፍ እያጠራቀሙ የሱኳሚሽ ነባር ሕዝብ ዓሣ ወደሚያረባበት ጣቢያ ወሰዱት። ኮሆዎቹን እዚያ ውሃ ውስጥ ሲያስገቧቸው ሁሉም ሞቱ። በጎርፉ ውስጥ እንዳሉ የሚታወቁትን ብረቶችና የነዳጅ ቅሪቶች ራሳቸው ቀላቅለው ሲሞክሩ ግን ዓሣዎቹ ምንም አልሆኑም። ገዳዩ ማንም ስሙን ያልመዘገበው ነገር ነበር ማለት ነው። በ2016 ከታተመው ከዚህ ሥራ ሌላም ውጤት ተገኘ፦ ያው ገዳይ ጎርፍ በአሸዋና በብስባሽ ድብልቅ ውስጥ ተጣርቶ ሲያልፍ አንድም ዓሣ አልገደለም። መርዙ ሳይታወቅ ማርከሻው ታወቀ።

በዚህ መሐል በሎንግፌሎው ዳር ሌላ ሥራ ተጀምሯል። የሲያትል አካባቢን ውሃ ለመጠበቅ በ1984 የተመሠረተው ፒውጀት ሳውንድኪፐር የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት፣ ከ2015 ጀምሮ የሰፈሩን በጎ ፈቃደኞች እያሠለጠነ ኮሆ በሚመለስበት ወቅት በጅረቱ ያሰማራል። ሥራው ንጹሕ አይደለም። ረጅም የላስቲክ ቦቲ አጥልቀው ውሃ ውስጥ እየተራመዱ የሞተ ዓሣ ይፈልጋሉ፤ ርዝመቱን ይለካሉ፤ ሴት ከሆነች ሆዷን ቀደው እንቁላሏን መጣል አለመጣሏን ያያሉ፤ ያዩትንም ይመዘግባሉ። ቤተ ሙከራ አንድ ነገር ዓሣ መግደል መቻሉን ይነግረናል። ዘንድሮ በዚህ ጅረት ስንቱ እንደሞተ የሚያውቀው ግን ወርዶ የቆጠረ ብቻ ነው።

ገዳዩን የመለየቱ ሥራ በታኮማ ከተማ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ቀጠለ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ኮሎድዚ የሚመራው ቡድን ዓሣ የሞተበትን ውሃ ኬሚካላዊ አሻራ ከመኪና ከሚወጡ ነገሮች ጋር አስተያየ። የሞተር ዘይት፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ የመስታወት ማጠቢያ፣ የጎማ ብናኝ ሁሉም ተፈተሹ። ይበልጥ የተመሳሰለው የጎማው ነበር። ቡድኑ የጎማ ብናኝ ለማግኘት የተጠቀመበት መሣሪያ ፓርሜዛን አይብ የሚፈቀፈቅበት የወጥ ቤት ዕቃ ነው። ፍቅፋቂውን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት፤ ውሃውን ለዓሣ ሰጡ፤ ዓሣዎቹ ሞቱ።

ችግሩ ያ ውሃ ከ2,000 በላይ ኬሚካሎችን የያዘ መሆኑ ነበር። የኬሚስትሪ ባለሙያው ዠንዩ ቲያንና ባልደረቦቹ ድብልቁን በኬሚካሎቹ ጠባይ እየከፈሉ እያንዳንዱን ክፍል በኮሆ ጫጩቶች ላይ ሞከሩ። በዓሣዎቹ ላይ የሚደረገውን ሙከራ ከዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጄኒፈር ማክንታየር ትመራው ነበር። ያልገደለው ክፍል ይጣላል፤ የገደለው እንደገና ይከፈላል። እንዲህ ሲጣራ ሲጣራ በመጨረሻ ሐምራዊነት ያለው፣ አንድ ኬሚካል የገነነበት ቅሪት ብቻ ቀረ። የሞለኪውሉ ቀመርም ተነበበ፦ 18 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጂን፣ 2 ናይትሮጂን፣ 2 ኦክስጅን። ጎማ ውስጥ ይገባሉ ተብለው በሚታወቁት ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ግን ይህን ቀመር የያዘ አልነበረም።

መልሱ የመጣው ቲያን ጥያቄውን ሲቀይረው ነው። ጎማ ውስጥ የገባው ነገር መንገድ ላይ ተለውጦ ቢሆንስ? በዝርዝሩ ውስጥ 6ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ። እሱም 18 ካርቦንና 2 ናይትሮጂን አለው፤ ሃይድሮጂኑ ግን 24 ነው፣ ኦክስጅንም የለውም። ሥራው ጎማን መጠበቅ ነው። አየር ውስጥ ያለው ኦዞን ላስቲክን እየበላ ይሰነጥቃል፤ 6ፒፒዲ ቀድሞ ከኦዞኑ ጋር ይዋሐድና ጎማውን ያድናል። ከተዋሐደ በኋላ ወደ ምን እንደሚለወጥ ግን ዓሣ ላይ የሞከረው አልነበረም። ቡድኑ 6ፒፒዲን ከኦዞን ጋር ሲያገናኘው ያ ሲፈለግ የኖረው ኬሚካል ተገኘ፤ ኮሆዎቹንም ገደለ። ስሙ 6ፒፒዲ-ኪኖን ተባለ፤ ግኝቱ በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። በ2022 በጠራ ናሙና እንደገና ሲለካ ደግሞ፣ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከአንድ ግራም ሚሊዮንኛ አንድ አሥረኛው እንኳ የማይሞላ መጠን ግማሹን ኮሆ ለመግደል እንደሚበቃ ታወቀ።

በ2023 ሕይወታቸው ከሳልሞን ጋር የተሳሰረ ሦስት የነባር ሕዝቦች መንግሥታት፣ ዩሮክ፣ ፖርት ጋምብል ስክላላምና ፑያሎፕ፣ ኬሚካሉ ከጎማ እንዲወጣ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት አቤቱታ አቀረቡ። ድርጅቱም በኅዳር ወር ተቀብሎ ጉዳዩን እንደሚመረምር አስታወቀ። መንገዱ ግን ቀላል አይደለም፤ መከላከያ የሌለው ጎማ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ አሽከርካሪውንም ለአደጋ ያጋልጣል። ተተኪው ጎማን የሚጠብቅ፣ ከተለወጠም በኋላ የማይመርዝ መሆን አለበት። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሲያትል ጎዳናዎች ከሚያሽከረክሩት መካከል ኢትዮጵያውያን አሉ፤ 6ፒፒዲ ደግሞ በዓለም ዙሪያ በጎማ ሥራ የተለመደ በመሆኑ የአዲስ አበባ መኪኖችም ከዚህ ውጭ አይሆኑም።

“ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይላል የአገራችን ሰው። በሎንግፌሎው በመጀመሪያ የታከመው ዳርቻው ነበር፤ ሕመሙ ግን ከዳርቻው በላይ፣ ከመንገዱና ከመኪና ማቆሚያው ይወርድ ነበር። የወንዝ ጠባቂነት ሥራም በዚያው ልክ መስፋት ነበረበት። ጎማው እስኪቀየር ዓመታት መጠበቅ ግድ ቢሆንም፣ አሸዋውና ብስባሹ ዛሬም ያጣራል፤ ጎርፉ ጅረት ከመድረሱ በፊት አፈር ውስጥ እንዲያልፍ በየመንገዱ ዳር ማጣሪያ መሥራት ይቻላል። የተሠራው ማጣሪያ መጥቀም አለመጥቀሙን የሚነግረን ደግሞ ያው የበጎ ፈቃደኞቹ መዝገብ ነው፤ እንቁላሏን ሳትጥል የሞተች ዓሣ ቁጥር ካልቀነሰ ሥራው ገና ነው ማለት ነው።