«ይቀጥል» የሚለው ቃል የሚደብቀው ድሬስ

መድኃኒት ሳይስማማ ቀርቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሕመምተኛውን የሚጥለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ አድሬናሊን ይሰጣል። ቫንኮማይሲን ተቻኩለው ሲለቁት ፊትና አንገት ማቅላቱም አዲስ ነገር አይደለም፤ ቢያንስ በ60 ደቂቃ ይንጠባጠብ። ሳይታወቅ የሚያልፈው ሳምንታት አድብቶ የሚመጣው ነው፤ ድሬስ ይባላል።

መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት ይነሳል፣ ሽፍታ ገላን ያለብሳል፣ ፊት ያብጣል፣ ንፍፊት ይወጣል፣ ጉበት ይጎዳል። በፅኑ ሕሙማን ክፍል ግን ለእያንዳንዱ ምልክት ሌላ ሰበብ አይጠፋም። ትኩሳቱ ኢንፌክሽን ተብሎ አንቲባዮቲክ ይጨመርበታል፤ እብጠቱ በግሉኮስና በሳላይን ይሳበባል። ቱቦ ጉሮሮው የገባ ሰው ደግሞ አሳከከኝ አይልም።

ሽፍታው ሲወጣ ጣት የሚቀሰረው ትናንት በተጀመረው መድኃኒት ላይ ነው። የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ጭንቅላቱን ተመቶ ሲገባ እንዳያንቀጠቅጠው ለ7 ቀን የታሰበለት ፌኒቶይን በየዙሩ «ይቀጥል» እየተባለ ሦስተኛ ሳምንቱን ይይዛል። የመድኃኒት ቅጹ ሞልቶ ወደ አዲስ ሲገለበጥ የተጀመረበት ቀን አብሮ አይገለበጥም። እባካችሁ፣ ቀኑንም ጻፉት! እኔ አሮጌዎቹን ቅጾች ከፋይሉ አውጥቼ ከኋላ ወደ ፊት አነባለሁ።

የደም ምርመራውም ያታልላል። ኢኦሲኖፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል መብዛቱ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ነጭ ሴሎችን በሦስት ብቻ የሚከፍል ማሽን ግን ከሞኖሳይት ጋር ደባልቆ ይቆጥረዋል። ስላይዱ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ ስል «ማሽኑ እያለ?» ያለችኝ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ካየችው በኋላ ራሷ ደውላልኛለች።

ከዚያ ወደ አስታማሚዎቹ ነው። «እማማ፣ ከዚህ በፊት የሚወስደው መድኃኒት ነበር?» ስል «ምንም» ይሉኛል። «ለሪህስ? ለሚጥል በሽታስ?» ብዬ ስዘረዝር ፌስታል ይፈታል፤ ውስጡ ገና ወር ያልሞላው አሎፑሪኖል አለ።

ተጠርጣሪው ወዲያው ይቁም። ፌኒቶይንን በካርባማዜፒን ወይም በፌኖባርቢታል መተካት ግን አይሆንም፤ ሦስቱ ዘመዳሞች ናቸው፣ አንዱ ያልተስማማውን ሌላውም ሊያስቆጣው ይችላል። ሌቬቲራሴታም ይሻላል። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ሊያገረሽ ስለሚችል የጉበት ምርመራው ለሳምንታት ይደጋገም። ሕመምተኛው ሲወጣም ካርዱ ላይ «አለርጂ አለበት» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የመድኃኒቱ ስም ተጽፎ ለአስታማሚው በእጁ ይሰጥ።